የተደራጀ ስርቆት በአሮጌውና በአዲሱ የወንጀል ሕግ

አራት ወጣቶች ሚያዝያ 25 ቀን 1997 ዓ.ም. ሌሊት የአንድ ሱቅ በር ሰብረው ዕቃ ሰረቁ እንበል። ሁለቱ ገብተው ዕቃውን አወጡ፤ ሦስተኛው መንገድ ጠበቀ፤ አራተኛው ጋሪ ይዞ ከማዶ ቆመ። የተያዙት ግን በግንቦት አጋማሽ ነው። ምሳሌው ለማስተማሪያ የተፈጠረ ነው፤ ቀኑ ግን እንዲያው በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አሮጌው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አገልግሎቱን አብቅቶ አዲሱ የወንጀል ሕግ የጸናበት ዕለት ነው። እንግዲህ ልጆቹ የሰረቁት በአሮጌው ሕግ ዘመን፣ የተያዙት በአዲሱ ዘመን ሆነ። ዳኛው የትኛውን መጽሐፍ ይግለጥ?

ይህን ጥያቄ በክፍል ውስጥ ያቀረበ መምህር አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ «አዲሱን ነዋ! አሮጌው ተሽሯል አይደለም እንዴ?» የሚል ነው። መልሱ ልክ አይደለም። ለምን ልክ እንዳልሆነ ለመረዳት ግን አስቀድሞ የሌባ ቡድን በሕግ ዘንድ እንዴት ይታይ እንደነበረና ምን እንደተለወጠ መመልከት ያስፈልጋል።

የተጻፈ የወንጀል ሕግ በስፋት ከመሥራቱ በፊት በብዙ የአገራችን ክፍሎች ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰብ ነበር። ይህ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይባላል። የተሰበሰበው ሰው ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ሥራውን ፈትቶ ይቀመጣል፤ ካልወጣም ዕዳው በአገሩ ላይ ይወድቃል። ሌባ ሻይ የሚባለውም ነበር፤ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ሮጦ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። በዚህ ሳቢያ ስንት ንጹሕ ሰው እንደተጎዳ ማን ቆጥሮት! አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ነገር አለ። በዚያ ሥርዓት በቡድንነቱ ተጠያቂ የሚሆነው የሌቦቹ ማኅበር ሳይሆን የመንደሩ ሕዝብ ነበር። የተጻፈው ሕግ ያመጣው ትልቁ ለውጥ ይህን መገልበጡ ነው፤ መንደሩን ነጻ አውጥቶ፣ ሌቦቹን እያንዳንዳቸውን በየሥራቸው መጠየቅ።

የመጀመሪያው ዘመናዊ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወጣው በ1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን ወቅት ነው። እሱን የተካው የ1949 ዓ.ም. ሕግ ደግሞ የስዊስ ተወላጅ በሆኑት በፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ ተዘጋጅቶ፣ በአዋጅ ቁጥር 158 ወጥቶ ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ነው። ይህ ሕግ ሦስት መንግሥታትን አሳልፎ እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ ኖረ። ስርቆትን በቁጥር 630፣ ከባድ ስርቆትን በቁጥር 635፣ ውንብድናን በቁጥር 636፣ ከባድ ውንብድናን በቁጥር 637 ደንግጎ ነበር። በስርቆትና በውንብድና መካከል ያለው ልዩነት ኃይል ነው፤ ሌባ ደብቆ ይወስዳል፣ ወንበዴ በኃይል ወይም በማስፈራራት ይነጥቃል።

በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 414 የወጣው አዲሱ ሕግ ይህን አቀማመጥ አላፈረሰውም። ስርቆት ቁጥር 665፣ ከባድ ስርቆት ቁጥር 669፣ ውንብድና ቁጥር 670፣ ከባድ ውንብድና ቁጥር 671 ሆኑ። በሁለቱም ሕጎች ስርቆትን ከሚያከብዱት ምክንያቶች መካከል ሌብነትን መተዳደሪያ ሙያ ማድረግና ለስርቆት ወይም ለውንብድና የተቋቋመ ቡድን አባል ሆኖ መሥራት ይገኙባቸዋል። ታዲያ ቁጥሩ ብቻ ነው የተለወጠው የሚል ተማሪ ቢነሣ አይፈረድበትም።

የመጀመሪያው ለውጥ ስሙ ላይ ይታያል። አሮጌው «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ይባል ነበር፤ አዲሱ «የወንጀል ሕግ» ነው። መቅጫ የሚለው ቃል መውጣቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሕጉ ስለ ቅጣት ብቻ ሳይሆን ወንጀልን ስለ መከላከልና አጥፊን ስለ ማረም ጭምር እንደቆመ ለማመልከት የተደረገ ነው። ይሁን እንጂ ስሙ ለዘብ ባለበት በዚያው ዓመት የከባድ ስርቆት ቅጣት መክበዱን ስናይ ነገሩ ትንሽ ግራ ያጋባል።

ቅጣቱ ለምን ከበደ? ሕግ አውጪው ምክንያቱን በራሱ በሕጉ መግቢያ ላይ ጽፎታል። አሮጌው ሕግ ለከባድ ወንጀል ከባድ ቅጣት ቢያስቀምጥም ፍርድ ቤቶች አነስተኛ ቅጣት ይወስኑ እንደነበር መግቢያው ያስረዳል፤ ለዚህም በምሳሌነት ከጠቀሳቸው ወንጀሎች አንዱ አስገድዶ መድፈር ሲሆን ሌላው ከባድ ስርቆት ነው። እንግዲህ ከባድ ስርቆት በአዲሱ ሕግ ውስጥ እንዲያው ከሌሎች ጋር አብሮ የተነሣ ጉዳይ ሳይሆን፣ ሕጉ እንዲለወጥ ከተሰጡት ምክንያቶች መካከል በስም የተጠራ ነው። ቅሬታው ግን በአሮጌው ሕግ ላይ ነው ወይስ በዳኞቹ ላይ? እንደ እኔ አስተያየት በዳኞቹ አሠራር ላይ ነበር። የቅጣትን መጠን ከፍ ማድረግ ብቻውን ደግሞ አንድን ዳኛ ከሌላው ጋር አያስማማም። ይህም በኋላ ታይቷል፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አውጥቶ በ2006 ዓ.ም. ማሻሻል አስፈልጎታል።

ሦስተኛው ለውጥ ግርፋት ነው። የ1949 ዓ.ም. ሕግ ለከባድ ስርቆትና ለከባድ ውንብድና ፍርድ ቤት ግርፋት እንዲያዝ ይፈቅድ ነበር። አዲሱ ሕግ ይህን አልወረሰም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትና ሰብአዊነት የጎደለውን ቅጣት ስለከለከለ ሊወርሰውም አይችልም ነበር። ከዚህም ሌላ፣ ደርግ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 8 ያወጣው፣ በ1974 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 214 የተሻሻለው ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተሽሮ የሁለቱ ሕጎች ጎን ለጎን መኖር ቀረ። ነገር ግን ሁሉንም በአንድ መጽሐፍ የመሰብሰቡ ሐሳብ ብዙ አልቆየም። በዚያው በ1997 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽንና የኤሌክትሪክ ኃይል መረቦችን ለመጠበቅ አዋጅ ቁጥር 464 ወጣ፤ የስልክና የመብራት ሽቦ እየቆረጡ የሚሸጡት ራሳቸውን የቻለ አዋጅ አስወጡ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አራት ሰዎች አብረው ስለሰረቁ ብቻ «ቡድን» ናቸውን? ሕጉ የሚለው «ለመስረቅ የተቋቋመ ቡድን አባል» ነው። መቋቋም የሚለው ቃል ከአንድ ሌሊት ያለፈ ትስስርን፣ ዓላማን፣ የሥራ ክፍፍልን ያመለክታል። ሳይነጋገሩ መንገድ ላይ ተገናኝተው ክፍት ሱቅ አይተው የገቡ ሰዎች በአንድ ወንጀል ተካፋዮች ናቸው፤ ቡድን ያቋቋሙ ላይሆኑ ይችላሉ። በየሳምንቱ የሚገናኙ፣ ማን ይገባል፣ ማን ይጠብቃል፣ ማን ይሸጣል ብለው የተከፋፈሉት ግን ሌላ ናቸው። ተማሪዎች ይህን ልዩነት ካልያዙ «አብሮ የተገኘ ሁሉ አንድ ነው» ወደሚለው፣ ማለትም ወደ አፈርሳታው ይመለሳሉ።

ለእያንዳንዱ ሰው ደግሞ ሕጉ ሦስት ነገሮች እንዲሟሉ ይጠይቃል፤ ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች ይባላሉ። ሕጋዊ ማለት ድርጊቱ አስቀድሞ በሕግ ወንጀል መባሉ ነው፤ ግዙፋዊ ማለት የተፈጸመ ድርጊት መኖሩ ነው፤ ሞራላዊ ማለት ያን ድርጊት የፈጸመው ሰው ሐሳብ ወይም ቸልተኛነት ነው። በዚህ ሚዛን አራቱን ወጣቶች እንያቸው። የገቡት ሁለቱ ዋና ወንጀል አድራጊዎች ናቸው። መንገድ የጠበቀው በእጁ ምንም አልነካም፤ ግን እያወቀ ስለረዳ ቢያንስ አባሪ ነው፤ ዕቅዱን አብሮ ያወጣና ውጤቱን የራሱ ያደረገ ከሆነ ደግሞ ዋና ወንጀል አድራጊ ሊባል ይችላል። አስቸጋሪው ባለጋሪው ነው። «ሌሊት ዕቃ የምታደርስልን ነገር አለ» ተብሎ በኪራይ የመጣ፣ የተሰረቀ መሆኑን ያላወቀ ሰው ከሆነ ሞራላዊው ፍሬ ነገር የለም፤ ወንጀለኛም አይደለም። በእኩለ ሌሊት፣ ከተሰበረ በር ፊት፣ ከወትሮው እጥፍ ኪራይ ተቀብሎ ከሆነ ግን «አላውቅም» ማለቱን ዳኛው በቀላሉ አይቀበለውም። የወንጀል ሕጉ ቁጥር 35 በቡድን በሚፈጸም ወንጀል ተካፋይ አለመሆኑ የተረጋገጠ ሰው እንደማይቀጣ ይናገራል። ያን ማረጋገጫ ማን አምጥቶ፣ በምን ምስክር? በተግባር ብዙ ወጣት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ዕድሜም አለ። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያለው ወጣት ጥፋተኛ ተብሎ የራሱ የሆኑ እርምጃዎች ይወሰዱበታል። አሥራ አምስት ዓመት ከሞላው በኋላ ግን ዳኛው ዕድሜውን እያየ ቅጣት ሊያቀልለት ቢችልም የሚዳኘው በመደበኛው ሕግ ነው። አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን በዚህ በመጨረሻው ክፍል ውስጥ መሆናቸውን ስንቶቻችን ነን የምንነግራቸው?

የተደራጀ ስርቆት ያለ ገዢ አይቆምም። የተሰረቀ ዕቃ መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው የገዛ፣ የተቀበለ ወይም የደበቀ ሰው በቁጥር 682 «መሸሸግ» በሚለው ወንጀል ይጠየቃል። ከዋጋው እጅግ ባነሰ ብር፣ ያለ ደረሰኝ፣ የይለፍ ቁልፉ ሳይከፈት የተሸጠ ስልክ የገዛ ተማሪ ራሱን ከሌቦቹ የራቀ አድርጎ ያያል። ለቡድኑ ግን እሱ ነው ገበያው።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንመልስ። ልጆቹ በሚያዝያ 25 ለሠሩት ሥራ የሚዳኙት በአሮጌው ሕግ ነው። ምክንያቱም ማንም ሰው ሊጠነቀቅ የሚችለው ድርጊቱን በፈጸመበት ቀን በነበረው ሕግ ብቻ ነው፤ ነገ በሚወጣ ሕግ ዛሬን መቅጣት ሰውን በማያውቀው ወጥመድ እንደ መያዝ ነው። ይህ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 እና በወንጀል ሕጉ ቁጥር 5 የሠፈረ መርሕ ነው። ለመርሑ አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ አዲሱ ሕግ ለተከሳሹ የሚሻል ከሆነ አዲሱ ይሠራል። የትኛው እንደሚሻል ዳኛው የሚያየው አንዷን ዐረፍተ ነገር ነጥሎ ሳይሆን ለጉዳዩ የሚሆኑትን ድንጋጌዎች ሁሉ መዝኖ ነው፤ ቁጥር 6 ይህን ይላል። ከባድ ስርቆትን በሚመለከት አዲሱ ሕግ እንዲያከብድ ተብሎ የወጣ በመሆኑ ሚዛኑ ብዙውን ጊዜ ወደ አሮጌው ያዘነብላል። ያው ቡድን በግንቦት 10 ሌላ ሱቅ ሰብሮ ከሆነ ግን ያ ሁለተኛው ስርቆት በአዲሱ ሕግ ይዳኛል። አንድ ቡድን፣ ሁለት ሌሊት፣ ሁለት መጽሐፍ!

ይህን ጽሑፍ የማዘጋጀው በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ፣ ኒምራ ታላታ በሚባለው ሠፈር ሆኜ ነው፤ ስሙ በዐረብኛ «ቁጥር ሦስት» ማለት ነው። በጁባ ብዙ ኢትዮጵያውያን በንግድ ይተዳደራሉ፤ ልጆቻቸውም እዚሁ ያድጋሉ። በከተማው መንደሮች «ቶሮንቶ» እየተባሉ የሚጠሩ የወጣት ቡድኖች ስም በስርቆትና በንጥቂያ ይነሣል፤ ፖሊስም አፈሳ ሲያካሂድ ብዙ ወጣት በአንድ ጊዜ ይይዛል። ስለዚህ የባለጋሪው ጥያቄ እዚህም ያው ነው። የሕጉ የዘር ሐረግ ግን ከእኛ የተለየና በጣም የሚያስገርም ነው።

እንግሊዞች በ1899 እ.ኤ.አ. ለሱዳን ያወጡት የወንጀል ሕግ ከ1860ው የህንድ ወንጀል ሕግ የተቀዳ ነበር። በ1925 እንደገና ተዘጋጀ፤ በ1974 በሌላ ተተካ። በመስከረም 1983 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ያወጁት ሕግ በስርቆት ላይ እጅ መቁረጥን፣ በኃይል ለሚደረግ ዘረፋ ደግሞ ቀኝ እጅና ግራ እግር መቁረጥን አመጣ። ይህ ሕግ በዚያው ዓመት ለተቀሰቀሰው የደቡብ ጦርነት ከነበሩት ቅሬታዎች አንዱ ነበር። የ1991 እ.ኤ.አ. የካርቱም ሕግም ቅጣቱን ይዞ ሲቀጥል የደቡብ ክፍላተ ሀገርን ከነዚህ ድንጋጌዎች ውጪ አደረጋቸው። የደቡቡ ንቅናቄ ነጻ ባወጣቸው ቦታዎች በ2003 የራሱን ሕግ አወጣ፤ ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ ደግሞ የደቡብ ሱዳን ምክር ቤት የ2008ን የወንጀል ሕግ አጸደቀ። ሐምሌ 9 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. አገሪቱ ነጻ ስትወጣም ይኸው ሕግ ቀጠለ። በዚህ ሁሉ መመላለስ የሌባ እጅ መቁረጥ ቀርቶ ወደ እሥራትና መቀጮ፣ ማለትም ወደ ቀድሞው የህንድ ቅርጽ ተመለሰ። ከዚህ ጎን የአገር ሽማግሌዎች ችሎት አለ፤ ብዙ የከብት ስርቆት የሚያልቀው እዚያ፣ በካሣ ነው።

የሚገርመው ደግሞ ምንጩ ራሱ መድረቁ ነው። ህንድ የ1860ውን ሕግ ሽራ በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣችው አዲስ ሕግ ሐምሌ 1 ቀን 2024 ጸንቷል። በአሮጌው ሕግ ከባዱ የቡድን ዘረፋ የሚባለው አምስት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች አብረው ሲዘርፉ ነበር፤ በቁጥር 401 ደግሞ ስርቆትን ልማድ ያደረገ ቡድን አባል መሆን ብቻውን እስከ ሰባት ዓመት ያሳስር ነበር። አዲሱ እነዚህን በሌላ ቁጥር አስቀርቶ ሁለት አዳዲስ ነገሮች ጨመረ። በቁጥር 111 «የተደራጀ ወንጀል» ብሎ ለወንጀለኞች ማኅበር ሁለት ሰው በቂ ነው አለ። በቁጥር 112 «አነስተኛ የተደራጀ ወንጀል» ብሎ ኪስ ማውለቅን፣ ከመኪናና ከሱቅ መስረቅን፣ መንጠቅን፣ የባንክ ካርድ ቁጥር መቅዳትን፣ የቲኬት ሕገ ወጥ ሽያጭን በቡድን አባልነት ሲፈጸሙ ከአንድ እስከ ሰባት ዓመት ያስቀጣቸዋል። በዚሁ ዝርዝር ውስጥ የሕዝብ ፈተና ጥያቄ ወረቀት መሸጥም አለ። የፈተና ወረቀት ሌባ ከኪስ አውላቂ ጎን ተሰለፈ! እኛ መምህራን ይህን ስንሰማ ፈገግ ማለታችን አይቀርም።

ያው ሕግ በሌላ በኩል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአምስት ሺህ ሩፒ ያነሰ ዋጋ ያለው ነገር ሰርቆ የመለሰን ሰው በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ ብቻ እንዲቀጣ ያደርጋል። ይህን አከፋፈል በጎ ብዬ አየዋለሁ፤ የተራበውን ብቸኛ ሌባና የተደራጀውን በአንድ መስፈሪያ አይሰፍርም። የሚያሠጋኝ ቁጥሩ ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2000 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት የተደራጀ የወንጀል ቡድንን ቢያንስ ሦስት ሰው ያለበት፣ ለጊዜው የጸና፣ ከባድ ወንጀል ለጥቅም ለመፈጸም የሚሠራ ይለዋል። ቁጥሩ ከአምስት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ ሁለት በወረደ ቁጥር ከጓደኛው ጋር አንድ ቀን ያጠፋ ልጅ «የተደራጀ» የሚባልበት መንገድ ያጥራል። ሌሊት መንገድ የጠበቀው ሦስተኛው ልጃችን በኢትዮጵያ ሕግ «ተቋቋመ» በሚለው ቃል ይከራከራል፤ በቁጥር ብቻ በሚሄድ ሕግ ፊት ግን መከራከሪያው ይጠብበታል። ህንድም ብትሆን ለሽግግሩ የያዘችው ያንኑ መርሕ ነው፤ በሰኔ 30 ቀን 2024 የተፈጸመ ስርቆት ዛሬም በ1860ው ሕግ ይዳኛል።

አራቱ ልጆች በኒምራ ታላታ ቢሆኑስ? ዜግነታቸው ኢትዮጵያዊ መሆኑ የጁባን ፍርድ ቤት አያስቀርም፤ ድርጊቱ የተፈጸመበት አገር ሕግ ይገዛቸዋል፤ የኢትዮጵያ ሕግ ቁጥር 669ም ሆነ 35 እዚያ አይጠቀስም። የ2008ቱ ሕግ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ በመንገዱ የሚነገረው የጁባ ዐረብኛ ነው፤ የልጁ እናት የምታውቀው አማርኛ ሊሆን ይችላል። የተያዘ ልጅ ያልገባውን ቃል ከመፈረሙ በፊት አስተርጓሚ መጠየቅ፣ መታሰሩም ለኢትዮጵያ ኤምባሲ እንዲነገር ማሳሰብ ይችላል። መጀመሪያ የሚጠየቀውም በየትኛውም አገር አንድ ነው፤ ያን ሌሊት የት ቆመህ ነበር፣ ለምንስ ቆምህ?